ባይተዋር ቁጥሮች፦ 532 ከየት መጣ?

ባሶ ሊበን ወረዳ፣ ይጁቤ ከተማ ውስጥ አንድ የሒሳብ መምህር «የ19 እና የ28 ትንሹ የጋራ ብዜት ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተማሪው እስክሪብቶ ማንሣቱ አይቀርም። የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብን፣ የተማረ የአብነት ተማሪ ግን መልሱን በስሙ ያውቀዋል፤ 532፣ ዐቢይ ቀመር።

የዚህ ቁጥር ምሥጢር በዘመናዊው ሒሳብ «ኮፕራይም» በሚባለው ሐሳብ ውስጥ ነው። ሁለት ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ከሌላቸው ኮፕራይም ናቸው። በአማርኛ «ባይተዋር ቁጥሮች» ብንላቸው ይሻላል ባይ ነኝ። «አብሮ ብቸኛ» ማለት አንባቢን ያሳስታል፤ 28 ለ2ም ለ7ም ይካፈላልና ብቸኛ ቁጥር አይደለም። ለ19 ግን ባይተዋር ነው። ከ21 ጋር ሲገናኝ ደግሞ በ7 በኩል ይዛመዳል። ባይተዋርነት በጥንድ እንጂ በአንድ ቁጥር ላይ አይነገርም።

28 ዐውደ ፀሐይ፣ የፀሐይ ዙር፣ ነው። 365 ቀን 52 ሳምንት ከ1 ቀን ስለሆነ ዕንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ዕለት ትገፋለች፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ጊዜ ደግሞ ሁለት። ዓመታቱ በተራ በሚሰየሙባቸው በአራቱ ወንጌላውያን አንድ ዙር 5 ዕለት ትገፋለች ማለት ነው። 5 እና 7 ባይተዋር ስለሆኑ ዕለትና ወንጌላዊ እንደ ጥንቱ የሚገጥሙት ከሰባት ዙር በኋላ ነው፤ 4 ጊዜ 7፣ 28። 19 ደግሞ ዐውደ አበቅቴ፣ የጨረቃ ዙር፣ ነው፤ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጊዜ ጨረቃ ትወለድና ከፀሐይ ዓመት ጋር እንደገና ትገናኛለች።

ባይተዋሮች ሲገናኙ የሚቀናነስ ነገር የለም፤ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው የሁለቱ ሙሉ ብዜት ነው፤ 19 ጊዜ 28፣ 532። ጨረቃ በ19 ፈንታ በ21 ዓመት ብትመለስ ኖሮ ዙሩ በ84 ዓመት ባለቀ ነበር።

በተግባር እንየው። የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ዋለ። 532 ሲቀነስ 1485 ይመጣል፤ ዘመኑ የዐፄ እስክንድር፣ ወንጌላዊው እንደ 2017 ማቴዎስ፣ ትንሣኤውም ሚያዝያ 12። የሚቀጥለው ተመሳሳይ ዓመት 2549 ነው። በመካከሉ ትንሣኤ ሚያዝያ 12 የሚውልባቸው ሌሎች ዓመታት አሉ፤ አበቅቴው፣ ዕለቱና ወንጌላዊው አንድ ላይ የሚገጥሙት ግን በ532 ብቻ ነው።

ስሌቱ እንከን አልባ አይደለም። 19 ዓመትና 235 የጨረቃ ወር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይለያያሉ፤ በአንድ ዐቢይ ቀመር ልዩነቱ ከአንድ ቀን ተኩል ያልፋል። የሮም ካቶሊኮች እ.ኤ.አ. በ1582 ይህንም ጭምር ለማረም የዘመን አቆጣጠራቸውን ሲያሻሽሉ፣ ውብ ዙራቸውን አጡ፤ የእነርሱ ፋሲካ ሙሉ በሙሉ የሚደገመው በ5,700,000 ዓመት ነው። ለእኔ 532ን በቃል መያዝ ይቀላል።

ከባሕረ ሐሳብ ውጭም ቁጥሩ የራሱ ጠባይ አለው። ከ1 ጀምረው በየሦስት እየዘለሉ 1፣ 4፣ 7፣ 10 እያሉ እስከ 55 ይደምሩ፤ ድምሩ 532 ነው። የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን ባለ አምስት ማዕዘን ቁጥር ይሉታል። የተደመሩት ቁጥሮች 19 ናቸው፤ መካከለኛው ደግሞ 28።