ጋጣ ውስጥ የተሰነጠቀው ጥይት

ዝናብ ሲመጣ ጦርነት ይቀዘቅዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ የነበረው የብሪታንያ ጦርም ክረምቱ ሲገባ ዘመቻውን ቀነስ አድርጎ፣ ጥይቱን እስከ በጋ ድረስ ፈረስ ጋጣ ውስጥ ያከማች ነበር። ጋጣ ጣሪያ አለው፣ ዝናብ አያስገባም። ምን ይፈለጋል? በጋ ሲጠባ ግን ያልተተኮሰ፣ ማንም ያልነካው ጥይት ቀለሃው ተሰንጥቆ ይገኛል።

ምክንያቱን ለመረዳት ቀለሃ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀለሃ ናስ ከመቶው 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ ነው። ክብ ዝርግ ናስ በማተሚያ ማሽን ደጋግሞ እየተገፋና እየተሳበ ቱቦ ይሆናል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ናሱ ሳይግል ስለሆነ፣ በተሳበ ቁጥር እየጠነከረ፣ ውስጡም እየተወጠረ ይሄዳል። በየመሀሉ በእሳት ካልለዘበ ይሰነጠቃል። አንጥረኞቻችን ብረት አግለው ውኃ ውስጥ ሲነክሩት እንደሚጠነክር ያውቃሉ። ናስ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከጋለ በኋላ ውኃ ውስጥ ቢነከርም እንደለዘበ ይቀራል።

የጋጣው ምስጢር በደንብ የተፈታው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ሙር፣ ቤኪንሴልና ማሊንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ጥፋተኛውን አገኙት፤ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ። አሞኒያው እርጥበት ታግዞ ናሱን ይበላል፣ በፋብሪካ ተወጥሮ የቀረው ናስ ደግሞ በተበላበት በኩል ይተረተራል። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ጥይቱ ደህና ይከርም ነበር። ፈረሱን ከጦሩ መለየት አይቻልም፤ መድኃኒቱ ቀለሃውን በመጠኑ አሙቆ ውጥረቱን ማስለቀቅ ሆነ።

እኛም አገር ጥይት እንደ ዋዛ የሚታይ ዕቃ አልነበረም። ፈረንሳዮች በ1874 የታጠቁት የግራ ጠመንጃ፣ በእኛ አፍ ውጅግራ፣ ጥይቱ በገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ያገለግል ነበር። ባዶ ቀለሃም ቢሆን ዋጋ ነበረው፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ዳግም ይተኮሳል። በእንዲህ ያለ ገበያ የተሰነጠቀ ቀለሃ መያዝ የተቀደደ ብር ይዞ እንደ መቆም ነው።

ቀለሃ ዳግም የሚሞሉ ሰዎች ዛሬም ከዚሁ ጠባይ ጋር ይታገላሉ። ጥይት ሲተኮስ የቀለሃው አንገት ይሰፋል፣ ለመሙላት ሲባል ደግሞ ተጨምቆ ይጠባል። ይህ ሲደጋገም አንገቱ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንገቱን ለጥቂት ሰኮንድ እሳት ያስነኩታል። መቀመጫው ግን መጋል የለበትም፤ የባሩዱን ግፊት የሚችለው እሱ ነውና ከለዘበ አደጋው ለተኳሹ ፊት ነው። የድሮዎቹ ይህን ለመከላከል ቀለሃውን እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ አቁመው ነበር አንገቱን የሚያሞቁት።

አዲስ የወታደር ጥይት አይታችሁ ከሆነ አንገቱ ላይ ጠቆር፣ ሰማያዊ ነገር ያለው ጥላ አለ። ብዙ ሰው ዝገት ይመስለዋል። የእሳቱ አሻራ ነው። ለሲቪል ገበያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ተወልውሎ ይጠፋል፤ በጦሩ ጥይት ላይ ግን ተቆጣጣሪው በዓይኑ እንዲያየው እንዳለ ይተዋል።