ሲክሊዶችን ከትልልቅ ዓሣዎች ጋር በአንድ አኳሪየም ማራባት

ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ስሙ እንግዳ ቢመስልም ዘመዱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጣና፣ ከሐዋሳና ከዝዋይ ሐይቆች ተጠምዶ ለገበያ የሚቀርበው ቆሮሶ የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ለአኳሪየም የሚመረጡት ግን በአብዛኛው ከመካከለኛውና ከደቡብ አሜሪካ፣ እንዲሁም ከማላዊና ከታንጋኒካ ሐይቆች የተገኙት ናቸው።

የቤተሰቡ መለያ ለልጆቹ የሚያደርገው ጥበቃ ነው። ኮንቪክት የተባለው ዝርያ እንቁላሉን በዋሻ ውስጥ ይጥልና አባትና እናት ተባብረው ይጠብቁታል። በቆሮሶና በአብዛኞቹ የማላዊ ሲክሊዶች ዘንድ ደግሞ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። በማላዊዎቹ ይህ ሦስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜም ምግብ አትበላም ማለት ይቻላል።

እንዲህ የሚጠበቅ ጫጩት 30 ሳንቲ ሜትር ከሚደርሰው ኦስካር ጋር በአንድ ገንዳ ሊያድግ ይችላል? በእኔ እምነት በጋራ ገንዳ ማስወለድ ቀላል ነው፤ ማሳደግ ግን አስቸጋሪ ነው። ኮንቪክቶች በመጠን ሦስት እጥፍ የሚበልጣቸውን ዓሣ ቀን ላይ ጥግ ሊያስይዙት ይችላሉ። ጫጩቶቹ ከሳምንት ገደማ በኋላ መዋኘት ሲጀምሩ ግን ይበታተናሉ። ወላጆቹ አንዱን ሲያባርሩ ሌላው ይለቅማቸዋል፤ ሌሊት ደግሞ የአምባዛ ዘመዶች ይደርሱባቸዋል። ጉዳቱ በጫጩቶቹ ላይ ብቻ አያበቃም፤ ጥግ የያዘው ትልቁ ዓሣም ተነክሶና ምግብ አጥቶ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምመክረው የሚከተለውን ነው። የጋራው ገንዳ ከ400 ሊትር ባያንስ ይመረጣል። ለመውለጃ ዋሻ ከሾላ ገበያ የተገዛ፣ ያልተሟሸ አዲስ ሸክላ ይበቃል። ጫጩቶቹ መዋኘት ሲጀምሩ በቀጭን ቱቦ ስቦ ወደ ሌላ ትንሽ ገንዳ ማዛወር ይገባል። በአፏ የያዘችውን እናት ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ቀስ አድርጎ ለብቻዋ ማድረግ ነው። ለጫጩቶቹ የተፈጨ የዓሣ መኖ ወይም በጣም ጥቂት የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል መስጠት ይቻላል፤ የተረፈው ውሃውን ስለሚያበላሽ ወዲያው መውጣት አለበት።

የየካ ነዋሪ ከመጻሕፍት ምክር በላይ ሊያስብበት የሚገባው ከፍታውን ነው። ከኮተቤና ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8.2 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ግን 6 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ስለሆነም ሌላ አገር ለአሥር ዓሣ የሚበቃ ገንዳ እዚህ ለሰባት ቢበቃ ነው፤ የአየር ፓምፕም ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ሲክሊዶች ለመራባት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ማሞቂያ ግድ ይላል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ መጠቅለልና በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ማዘጋጀት ይረዳል። ከለገዳዲ የሚመጣው የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የታከመ ስለሆነ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ማሳደር ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ዓሣው ሲበዛ ምን ይደረጋል? ለሌላ አርቢ መስጠት እንጂ ወንዝ ውስጥ መጨመር ፈጽሞ አይገባም። ከእንጦጦ የሚነሣው ቀበና ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል። ቀበና ላይ በብርድ የሚሞተው ዓሣ ሞቃቱ አዋሽ ላይ ከደረሰ የአገሩን ዓሣ ሊሻማ ይችላል። ቦታ የሌለው ሰው ከመጀመሪያው ወንዱን ከሴቷ ለይቶ ቢይዝ ይሻለዋል።