ስለ ከንቲባነት ጥንተ ታሪክ

በአገራችን ከነበሩት የሹመት ማዕርጎች መካከል፣ ሰፊ ግዛት ሳያስገዛና ብዙ ጦር ሳያስከትል፣ ባለማዕርጉን ግን በየዕለቱ ከሕዝቡ ኑሮ ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኘው እንደ ከንቲባነት ያለ የለም። ራስና ደጃዝማች በዘመቻ በዋሉት ውሎ ሲመሰገኑ ወይም ሲነቀፉ፣ ከንቲባ የሚመዘነው ሰው ማለዳ ከደጁ ሲወጣ መንገዱ የሚያሳልፍ፣ የሚቀዳው ውሃ የጠራ፣ ያለፈውም ሌሊት ሌባና እሳት ያልገባበት እንደ ሆነ ነው። ይህን የመሰለው ሥራ ዜና መዋዕል ጸሓፊን ስለማይስብ፣ ታሪኩ በየመዝገቡ ጥግና በሽማግሌዎች አፍ ተበታትኖ ቀርቷል፤ እኔ ግን የአንድ መንግሥት ደግነት የሚታወቀው ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ በተናቀው ሥራ ይመስለኛል።

ማዕርጉ የጎንደር ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን መናገሻ ካደረጓት ወዲህ፣ ነገሥታቱ በዘመቻ ሲወጡና ሲገቡ ከተማይቱን እየጠበቀ የሚቀመጠው ሹም ከንቲባ ይባል ነበር፤ በሐማሴንም ስሙ በሹመትነት ይታወቃል። ጎንደር ግንብና አብያተ ክርስቲያናት የከበቧት፣ የነጋዴውና የካህናቱ ሠፈር የተለየባት ከተማ ስለ ነበረች፣ ለእንዲህ ያለ ሹም የሚሆን ሥራ አላጣችም።

አዲስ አበባ ግን ስትቆረቆር ከንቲባ የምትፈልግ አልነበረችም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አጠገብ ከተማ ሲያደርጉ፣ መኳንንቱ እያንዳንዳቸው በተሰጣቸው ጉብታ ላይ ከነሠራዊታቸው ሰፈሩ፤ ዛሬም ራስ መኰንን፣ ራስ ብሩ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ እየተባለ የሚጠራው ሠፈር ሁሉ ከዚያ የተረፈ ነው። በእያንዳንዱ ሠፈር ዳኛው ጌታው፣ ዘበኛው የጌታው አሽከር ስለ ነበረ፣ ከተማይቱ ብዙ ጌቶች ሲኖሯት አንድ ባለቤት አልነበራትም። በሁለት ሠፈሮች መካከል የሚፈሰው ወንዝ፣ በላዩም የሚጣለው ጥራጊ፣ የማንም አልነበረም።

የዚህ ባለቤት አልባነት መዘዝ መጀመሪያ የታየው በማገዶ ነው። የአካባቢው ደን ተጨፍጭፎ ባለቀ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ግድም ቤተ መንግሥት ማሠራት እስከ መጀመር ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ከመፍረስ ያዳናት ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ የሚያድግ ስለ ሆነ፣ ለተከለውም ሰው የግብር ምሕረት ስለ ተደረገለት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮረብታው ሁሉ ለበሰ፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አንድ ከተማ እንዲህ በማገዶ ምክንያት ሊነቀል መድረሱን ያየ መንግሥት፣ ከተማን በቋሚነት የሚያስብለት ሰው እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ብዙ አልቈየም።

በ1900 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የቦታ ሕግ ወጣ። ቦታ እየተለካ፣ ወሰኑ እየታወቀ፣ ባለይዞታው ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዲቀበል፣ ሊሸጥና ሊያወርስም እንዲችል ሲፈቀድ፣ ሠፈርነት ወደ ከተማነት ተለወጠ፤ ምክንያቱም ድንበር ባለበት የድንበር ክርክር አለ፣ ክርክርም ባለበት መዝገብና ዳኛ ያስፈልጋል። በዚያው ዘመን የአራዳ ዘበኞች ተቋቋሙ፤ ገበያውን ይጠብቁ፣ ሌሊት የሚዘዋወረውንም መንገደኛ ይጠይቁ ነበር። ይሁን እንጂ የንግዱና የቀረጡ ሥልጣን፣ ከውጭ አገር ሰዎችም ጋር የሚነሣው ጕዳይ በነጋድራሱ እጅ ስለ ነበረ፣ በተለይም ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ በነበሩበት ዘመን፣ ገቢው ከአንዱ ደጅ ድካሙ ከሌላው ደጅ እየዋለ የከተማይቱን ሥራ የሚያከናውነው ማዘጋጃ ቤት ለብዙ ጊዜ ደካማ ሆኖ ኖሯል።

በ1909 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ ወዲህ፣ በዚያ ዘመን ግድም ማዘጋጃ ቤቱን ከመሩት ሰዎች አንዱ፣ ኋላ ብላቴን ጌታ የተባሉት ከንቲባ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። እኒህ በእንጦጦ ራጕኤል የተማሩ ሊቅ፣ በ1904 ዓ.ም. በግእዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት ቈጥረው በዝርዝር ያሳተሙ ሰው ናቸውና፣ የተበተነውን ሰብስቦ በመዝገብ ማኖር የለመደ እጅ ወደ ከተማ አስተዳደር መምጣቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል። የቦታና የክርክር መዝገብ በሥርዐት መያዝ ለድኻው ከዘበኛ ጠመንጃ የበለጠ ጥበቃ ነበርና።

የከንቲባነት ሥራ ሙሉ ክብደቱ የታየው ግን በኅዳር 1911 ዓ.ም. ነው። በዓለም ሁሉ የተሠራጨው፣ በአገራችን የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጥቂት ነበረ፤ ከጥቂቶቹም የታመሙና የሞቱ ነበሩ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ተርፈዋል። በአንድ ቤት አባትና እናት ልጆችም ጭምር በአንድነት ሲተኙ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ። በአገራችን ሥርዐት ሟች ሲሞት ጎረቤት ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ ካህናት ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ዘመድ አዝማድ መቃብር ይቈፍራል፤ በዚያ ሰሞን ግን አልቃሹም፣ ካህኑም፣ ቈፋሪውም አብረው ታመው ነበርና፣ በየአጥቢያው አጸደ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሬሳ በአንድ ጕድጓድ ተቀበረ፤ ቀባሪ ላጣውም ጅብ ደረሰበት። በከተማይቱ ብቻ የሞተው ሰው እስከ ዐሥር ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። ዕድር ያልደረሰበትን፣ ጌታው ያልቀበረውን፣ ዘመድ የሌለውን የሚያነሣው ከማዘጋጃ ቤቱ በቀር ማን ነበር? ሬሳ ማንሣት፣ ጥራጊ ማቃጠል፣ ውሃ መጠበቅ የአንድ ሹም የዘወትር ግዴታ መሆኑን አዲስ አበባ የተማረችው በዚህ ዐይነት መከራ ነው።

ከዚያ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ኅዳር ሲታጠን ይባላል። ባለቤቱ ከግቢው ያለውን እብቅ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ያረጀ ሰሌንና ጨርቅ ጠርጎ ከደጁ ይከምራል፤ እሳት ይለኩስበታል፤ ልጆች በጭሱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ፤ ከእንጦጦ ቁልቁል ለሚያይ ከተማይቱ በሙሉ በጭስ ተጋርዳ የቤት ክዳን አይለይም። ሕግ ያላዘዘው፣ ማንም የማይቀጣበት፣ ነገር ግን ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ቀን የሚፈጽመው የጽዳት ሥርዐት ይህ ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ ከአስመራ ቈንስልነት መልስ የተሾሙት ነሲቡ ዘአማኑኤል፣ ኋላ በኦጋዴን ጦር ግንባር አዝማች ሆነው የተዋጉት፣ በ1929 ዓ.ም. በስደት በስዊስ አገር ያረፉት ደጃዝማች፣ በአስመራ ያዩትን የመንገድና የጽዳት ሥርዐት ለማስገባት ደክመዋል። በ1923 ዓ.ም. የአልጋ ወራሹ የንግሥ በዓል ሲቃረብ ግን ጥድፊያው ሌላ መልክ ያዘ፤ መንገድ ተጠገነ፣ መብራት ተሰቀለ፣ በጎዳናው ዳር ያሉትም ጎጆዎች ከእንግዳ ዐይን እንዲሰወሩ የባሕር ዛፍ አጥር ተሠራባቸው። የተሠራው መንገድ ለዘለቄታው ጠቅሟል፤ አጥሩ ግን ከኋላው ላሉት ውሃ አላመጣላቸውም፤ ከንቲባ ለእንግዳ ከማሰብ በፊት ለኗሪው ማሰብ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ጠላት ኢጣሊያ አገሩን በያዘበት በአምስቱ ዓመት ሕዝቡ በዘር ተለይቶ እንዲሰፍር ሲታሰብ፣ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ተወስዶ የዛሬው መርካቶ ተጀመረ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ የከንቲባን ማዕርግ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ሰጠ፤ በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች ዐዋጅ ቁጥር 74 ሥራውን ዘረዘረ። በእነዚያው ዓመታት የገፈርሳ ውሃ ወደ ከተማይቱ ገባ። በ1946 ዓ.ም. በተሰጠው የከተማይቱ ቻርተር ምክር ቤት ሲቋቋም፣ ተመራጮቹን የመምረጥ መብት የተሰጠው ለባለርስቶች ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ብዙው ተከራይ ሆኖ ሳለ፣ በዝናብ ጊዜ ጭቃውን የሚረግጠውና ከቦኖ ውሃ የሚሸከመው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ድምፁ ከምክር ቤቱ ውጭ መቅረቱ የቻርተሩ ትልቁ ጕድለት ነው። በ1957 ዓ.ም. በጣሊያናዊው አርክቴክት በአርቱሮ መዜዲሚ ንድፍ የተሠራው ታላቁ የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሲመረቅም፣ ይህ ጕድለት እንዳለ ነበር።

ይህ የተለወጠው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ነው። በዚያን ጊዜ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ቀበሌ የተባሉት፣ የአነስተኛውን ቤት ኪራይ መሰብሰብ፣ ሠፈሩን መጠበቅና ማጽዳት፣ የጎረቤትንም ክርክር መዳኘት ከማዘጋጃ ቤቱ ተረከቡ፤ ለከንቲባው የቀረው ዋናው መንገድና ከቀበሌ ዐቅም በላይ የሆነው ሥራ ነበር።