የቱርቦ ትንፋሽ በዊንጌት፦ ስለ አንድ ቫልቭ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ከጋራዥ የመጣ ቢሆንም ጥያቄው የታሪክ ነው፤ አንድ መሣሪያ ከተፈጠረበት ችግር ተነጥሎ ሲጓዝ ምን ይዞ ይሄዳል? ምሳሌዬ ወጣቶች ቱርቦ ባላቸው መኪኖች ላይ የሚያስገጥሙት «ብሎው ኦፍ» የተባለው ቫልቭ ነው።

ከዊንጌት እንነሣ። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የእንጦጦን ዳገት ሳይጀምር የኃይሉን ሩብ ያህል አጥቷል። ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ፣ በጭስ ማውጫው የሚባክነውን ጉልበት ለአየር ማመቂያ ማዋል፣ ለእንዲህ ያለ አገር የታሰበ ይመስላል። አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስም በ1918 እ.ኤ.አ. ሙከራውን ያካሄደው 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ነበር። በባሕር ጠለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው የአውሮፕላን ሞተር እዚያ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦ ሲታከልለት 356 ሰጠ።

ቫልቩን የወለደው ግን ሌላ ችግር ነው። በቤንዚን ሞተር አሽከርካሪው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የአየር መግቢያው ክዳን ይዘጋል። ቱርቦው ወዲያው ስለማይቆም የታመቀው አየር ወደ ኋላ ተመልሶ ክንፎቹን ያንገጫግጫል። ቫልቩ በዚያች ቅጽበት ተከፍቶ አየሩን ያሳልፋል። ከፍታው ነገሩን ያብሰዋል፦ 0.7 ባር ተጨማሪ ግፊት ለማግኘት በባሕር ጠለል አየሩን 1.7 እጥፍ ማመቅ ሲበቃ፣ በዊንጌት ከ1.9 እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። እንግዲህ ለቤንዚን ቱርቦ ቫልቩ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

አከራካሪው አየሩ የሚሄድበት ነው። ብዙዎቹ የፋብሪካ ቫልቮች አየሩን ወደ መግቢያው ቱቦ ይመልሱታል፤ ለፉጨቱ ሲባል የሚገዛው ወደ ውጭ ይለቀዋል። የሚገባው አየር አስቀድሞ በሴንሰር በሚለካበት መኪና ኮምፒውተሩ ለወጣው አየር ጭምር ነዳጅ ይረጫል፤ መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ይንተፋተፋል።

በእኛ አገር ጎዳና ቱርቦን ያለማመዱን ግን በአመዛኙ የናፍጣ ጭነት መኪኖች ናቸው። የተለመደው ናፍጣ ሞተር ኃይሉን የሚቆጣጠረው በነዳጁ መጠን እንጂ አየሩን በመዝጋት ስላልሆነ ቫልቩን አይፈልግም። ሆኖም ለናፍጣ ሞተርም በኤሌክትሪክ የሚከፈት፣ ድምፅ ብቻ የሚሰጥ ቫልቭ ተሠርቶ ይሸጣል። የቴክኖሎጂ ሽግግርን ስንጽፍ ድምፅን እንዘነጋለን፤ በእኔ አስተያየት ግን እዚህ ከመሣሪያው ቀድሞ የተጓዘው የኃይል ምልክት የሆነው ፉጨቱ ነው። ዋጋውም በዳገት ይታያል፤ በደንብ የማይገጥም ቫልቭ ቱርቦው ያመቀውን አየር ያፈስሰዋል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በእጅ ያሉት ቤንዚን ቱርቦዎች በምትክ ዕቃ ብዙ ዓመት መሥራታቸው አይቀርም፤ ቫልቭ ግጠሙልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣም መካኒኩ አስቀድሞ ሊያጣራ የሚገባው የሞተሩን ዓይነት፣ የአየር መለኪያውን ቦታና የቫልቩን መውጫ ነው።