ፊደሉ ለመኪናው ወይስ መኪናው ለፊደሉ?

እንዲህ ያለች የተማሪዎች መጽሔት የማባዣ መኪና ልጅ ነበረች። ስቴንስሉ በጽሕፈት መኪናው ላይ ይጠመጠም ነበር፤ ፊደሉ ሰም የተቀባውን ወረቀት እየመታ ይበሳው ነበር፤ ቀለሙም በቀዳዳው አልፎ ነጩ ወረቀት ላይ ያርፍ ነበር። ፊደል ከተሳተ ደፍኖ እንደገና መምታት ነበር። ይህን ሥራ የሠራ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ሲወጣ፣ በአማርኛው ላይ አንዱ ፊደል ቅጥሉ ይርቀው፣ ሌላው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ይጋጭ ነበር። ለምን ይሆን? ጥፋቱ የማን ነው፣ የፊደሉ ወይስ የመኪናው? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኛ ግን ከሳይንስና ከቴክኒክ ጋር ያለን ግንኙነት በሙሉ በዚህች ጥያቄ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታየናል።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ፊደላችን ከማተሚያ ጋር የተዋወቀው በአገሩ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ፣ በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን እዚያው ሮም አሳተመ። አገር ቤት ግን ብራናውና የመቃው ብዕር ገና ብዙ ዘመን ነበራቸው። በ1895 ዓ.ም. አንድሪያስ ካቫዲያ የተባለው ግሪካዊ በአዲስ አበባ «አእምሮ»ን ሲጀምር፣ ጋዜጣዋ በእጅ እየተጻፈች በ24 ቅጂ ነበር የምትወጣው። ሃያ አራት ቅጂ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ይበቃ ይሆናል፤ ሕዝብ ዘንድ ግን አይደርስም። በ1914 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ መኮንን ማተሚያ ቤት አቋቋሙ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረች። ወሬ፣ አዋጅና ክርክር ከደጃፍና ከአደባባይ ወደ ወረቀት የተሻገረው በዚህ መንገድ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ከፊደላችን ጋር እምብዛም አልተጣላም። ፊደሉ ብዙ ቢሆን ብዙ የእርሳስ ሆሄ ማቅለጥ ነው፤ ለቃሚውም ከሣጥኑ እየመረጠ ይደረድራል። ድካም አለው እንጂ ይቻላል። ጠቡ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። የጽሕፈት መኪና የተሠራው 26 ፊደል ላላቸው ሰዎች ነው። ቁልፎቹ 50 እንኳ አይሞሉም፤ እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢሸከም እንኳ መቶ አይደርስም። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ነው፤ እነ ቋ፣ እነ ጓ፣ እነ ሏ ሳይቆጠሩ።

ይህን ችግር ታግለው መፍትሔ ካበጁት አንዱ ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማስገኘት ደከሙ። የአማርኛው መኪና ብልሃት ፊደሉን መገነጣጠል ነው፤ መጀመሪያ ግዕዙን መምታት፣ ቀጥሎ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥል በጎኑ ማሳረፍ። ይሁን እንጂ ፊደላችን በአንድ ሥርዓት ብቻ አይሄድም። «ለ» እና «በ» በካዕብ ቅጥላቸው አንድ ነው። «ረ» ግን «ሩ» ሲሆን መልኩን ይቀይራል፤ ሳድሱማ ጨርሶ ሕግ የለውም፤ ል፣ ር፣ ን፣ ው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። እንግዲህ በስቴንስላችን ላይ ቅጥሉ ይርቅ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ መኪናው ፊደሉን መሸከም ሲያቅተው ምን ተባለ? «ፊደሉ ይሻሻል» ተባለ! ከወረራው በኋላ ባሉት ዓመታት ክርክሩ ተፋፋመ። አንዳንዶች ሞክሼዎቹ እነ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ ይውጡ አሉ፤ ሌሎች ቅጥሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ አሉ፤ ጭራሹን በላቲን እንተካው ያሉም አልታጡም። እነዚህን ሰዎች በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይደለም። ብዙዎቹ የሚቆረቆሩት ማንበብ ላልቻለው ሕዝብ ነበር። ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ሞክሼ ፊደላት ያነሡት ሐሳብም ከመኪና ጋር የተያያዘ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ድምፅ አንድ ምልክት ይኑረው የሚል ነው። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም፤ ይገባዋልም።

ነገር ግን «ፊደሉ ለዕድገት እንቅፋት ነው» የሚለው አባባል በሥራ ሲፈተን አልጸናም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ገበሬውና የቤት እመቤቷ በኩራዝ ብርሃን የቆጠሩት ይህንኑ ሙሉውን ፊደል ነው። ዘመቻው ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዳንዶቹ ላቲንን መርጠዋል፤ ያ የራሱ ታሪክና ምክንያት ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የምንለው አንድ ነው፤ የተቸገረው መኪናው እንጂ ተማሪው አልነበረም።

እዚህ ላይ የመኪናውንም ውለታ መካድ አይገባንም። ያ ጎደሎ መኪና ብዙ ሠርቷል። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በኅቡዕ ትበተን የነበረችው የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ» በስቴንስል የተባዛች ወረቀት ነበረች። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ይፈለግ የነበረው ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ የጽሕፈትና የማባዣ መኪናም ነበር። መንግሥት መኪናን እንደ መሣሪያ ከፈራው፣ መኪና ተራ ዕቃ አይደለም ማለት ነው። በማን እጅ ነው ያለው? ማን ያንቀሳቅሰዋል? ብለን እንድንጠይቅ ያስተማረን ይኸው ነው።

ቀጥሎ ኮምፒዩተር መጣ። ለኮምፒዩተር 26 ፊደልም 300 ፊደልም ያው ቁጥር ነው። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥም በውጭም ለአማርኛ የጽሕፈት ፕሮግራም መሥራት ጀመሩ። ችግሩ እያንዳንዱ በየራሱ ቁጥር መሄዱ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ዝባዝንኬ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ፊደላችንን ተቀበለ። «ሀ» 4608 የሚል ቁጥር ተሰጣት፤ ከእሷ ጋር እንዲወገዱ የተፈረደባቸው ሐና ኀ፣ ሠና ፀ፣ እንዲሁም ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ሳይቀሩ ገቡ። ፊደሉን ለጽሕፈት መኪናው ስንል በችኮላ ቆራርጠነው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ በሙዚየም ለተቀመጠ ብረት ብለን የቆረጥነው አካል ይሆን ነበር።

ታሪኩ ግን በድል አልተዘጋም። አንዳንድ የጉራጊኛ ፊደላት ወደዚያ መዝገብ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ወረፋ ይዘው። ፊደሉ ስልካችን ውስጥ እያለም ከመካከላችን «ሰላም ነው?» የሚለውን በላቲን የሚጽፍ ብዙ ነው። «ይፈጥናል» እንላለን። ይኼ ስንፍና ብቻ ነው አንልም፤ መክተቢያው ሲነደፍ አሁንም በቅድሚያ የታሰበው ሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሁልጊዜ «ሌላ» ከሆነ፣ ለማን ይመቻል ለሚለውም መልሱ ያው ነው።

ስለዚህ ወገኖች፣ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ራሳችንን ለመከርከም መቀስ ከማንሣታችን በፊት እንጠይቅ። ልኩ የተወሰደው ከማን ገላ ላይ ነው? የምሕንድስናና የሒሳብ ተማሪዎች ከቋንቋ ተማሪዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እንቀመጥ። አያና ብሩ ብረት ይዘው የጀመሩትን እኛ በቁጥር ልንቀጥለው እንችላለን። ልብሱ ሲጠብ ልብሱ ይሰፋል እንጂ ሰውየው አይቆረጥም።