ዲግሪውና መቀነቱ

የህንድ ሲኒማ ለሴት ገጸ ባሕርይ ዲግሪ ለመስጠት ብዙም ሰስቶ አያውቅም። የሰሰተው ደሞዟን ነው። ኮሌጅ ትገባለች፤ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ በዘፈን መሃል ትሮጣለች፤ ትመረቃለች። ከዚያ ወዲያ ሠርታ የተከፈላት፣ በገዛ ገንዘቧ የወሰነችበት ትዕይንት ሲፈለግ ሠርጉ ደርሶ ፊልሙ አልቋል።

ይህ ጉድለት ከሾላ ገበያ ሆኖ ለሚያይ ቶሎ ይታያል። ከመገናኛ ብዙም በማይርቀው በዚህ ገበያ ቅቤውን አሽትተው፣ በርበሬውን በመዳፋቸው ፈትገው ዋጋ ከሚቆርጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጡት ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ሲሄዱ ነው። ገንዘቡ ግን መቀነታቸው ውስጥ ተቋጥሯል፤ እቁቡን የሚጥሉትም፣ ለልጅ ደብተር የሚገዙትም ከዚያው ፈትተው ነው። ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶችም ገቢያቸው ኢምንት ቢሆንም ቤት ያቆማሉ። እዚህ ሰፈር መቀነቱ ከዲግሪው ቀድሟል፤ የቦምቤይ ስቱዲዮዎች ታሪክ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። (የህንዶቹን ዓመታት በአውሮፓ፣ የእኛዎቹን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ሲጀመር ሴቷ ራሷ አልነበረችም። ዳዳሳሄብ ፋልኬ በ1913 «ራጃ ሃሪሽቻንድራ»ን ሲሠራ ፊልም ላይ መታየት ለጨዋ ሴት ነውር ስለነበር፣ ንግሥቲቱን የተጫወታት አና ሳሉንኬ የተባለ ወንድ ነው። በሁለት አስርት ዓመታት ገደማ ነገሩ ተለወጠ። በ1934 ለንደን የተማረችው ዴቪካ ራኒ ከባሏ ከሂማንሱ ራይ ጋር ቦምቤይ ቶኪስን አቋቋመች፤ በ1940 ባሏ ሲሞት ስቱዲዮውን መምራቱ በእሷ ላይ ወደቀ። በ1935 ደግሞ አውስትራሊያ የተወለደችው ናዲያ በ«ሃንተርዋሊ» ጭንብል አጥልቃ፣ ጅራፍ እያጮኸች ወንዶችን ታባርር ነበር፤ ሕዝቡም ወደዳት። የሚገርመው ዴቪካ ራኒ ናት። ኩባንያ ያቋቋመች ሴት ሆና ሳለ በ1936ቱ «አቹት ካንያ» የተጫወተችው ከተናቀ ወገን የተወለደች፣ መጨረሻዋም ሞት የሆነ የመንደር ልጅን ነው። ከካሜራው ኋላ ያለችውና ከካሜራው ፊት ያለችው ሴት አይተዋወቁም።

ከዚያ «እናት ህንድ» መጣ፤ 1957። ሜህቡብ ካን ያዘጋጀውን፣ ናርጊስ የተጫወተችበትን ይህን ፊልም አገራችንም ያውቀዋል፤ ታላላቆቻችን መሐረባቸውን ይዘው የገቡበት ፊልም ነው። ራድሃ ቀንበሩን በጫንቃዋ ይዛ ታርሳለች፣ ልጆቿን በጭቃ መሃል ታሳድጋለች፣ በመጨረሻም ለመንደሩ ክብር ስትል የገዛ ልጇን ትተኩሳለች። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን የመከራዋ መነሻ ነው፦ አራጣ አበዳሪው ሱኪላላ የያዘውን መዝገብ ቤተሰቡ ማንበብ አይችልም። ፊልሙ የማንበብን ጉዳይ ይህን ያህል አጉልቶ ካሳየን በኋላ ጀግናዋን የሚያወድሳት በትዕግሥቷ ነው። ያ ውዳሴ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት የህንድ ሴት ገጸ ባሕርይ ጫንቃ ላይ ተቀምጧል።

ደሞዙን በድፍረት ያሳየው ፊልም የመጣው ከቦምቤይ ሳይሆን ከካልካታ ነው፤ የሳትያጂት ራይ «ማሃናጋር» (ታላቋ ከተማ)፣ 1963። የባንክ ሠራተኛው ሱብራታ ደሞዝ አልበቃ ሲለው ሚስቱ አራቲ ሥራ ትይዛለች፤ ከቤት ቤት እየዞረች የሹራብ መሥሪያ መኪና ትሸጣለች። አማቷ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ምራታቸው ከምታመጣው ይልቅ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው ደጅ ሄደው እርዳታ መጠየቅን ይመርጣሉ። በእኔ ግምት ስለ ወንድ ኩራት ከተሠሩት ሁሉ እጅግ ጨካኝና እጅግ ርኅሩኅ የሆነው ምልከታ ይኸው ነው። ባልየው ቀንቶ «ልቀቂ» ሲላት፣ መልቀቂያዋን ሳታስገባ የእሱ ባንክ ይከስራል፤ የትናንቱ አሳፋሪ ደሞዝ ዛሬ የቤቱ ብቸኛ እንጀራ ይሆናል። ራይ እዚህ ላይ ቢያቆም የተለመደ ታሪክ ነበር። አላቆመም፤ አራቲ ያለ አግባብ ለተባረረች የሥራ ባልደረባዋ ስትል ያንኑ ሥራ ጥላ ትወጣለች። በገንዘቧ ብቻ ሳይሆን በህሊናዋም ራሷን የቻለች ሴት የህንድ ፊልም ላይ እንዲህ ተሟልታ የቀረበችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ራይ በዚህ ሥራው በ1964 በበርሊን የምርጥ አዘጋጅነት የብር ድብ ተሸልሟል።

ዋናው ገበያ ግን ይህን መንገድ አልተከተለም። በ1973ቱ «አቢማን» ዘፋኟ ሚስት ከዘፋኙ ባሏ በልጣ ስትገኝ ትዳሩ ይፈርሳል፤ የሚጠገነውም እሷ ከተሰበረች በኋላ ነው። በ1975 ሱቺትራ ሴን ፖለቲከኛ ሆና የቀረበችበት «አንዲ» በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት ታገደ፤ ገጸ ባሕርይዋ ጠቅላይ ሚኒስትሯን ኢንዲራ ጋንዲን ትመስላለች ተብሎ። ሴት አገር እየመራች ሳለ፣ ፊልም ላይ ስትመራ መታየቷ አልተቻለም። በ1982 የወጣው የማሄሽ ባት «አርት» ግን ለየት አለ፦ ሻባና አዝሚ የተጫወተቻት የተከዳች ሚስት፣ ባሏ ተጸጽቶ ሲመለስ አትቀበለውም፤ ሌላ የሚወዳት ሰው እያለም እሱንም አመስግና ብቻዋን ትኖራለች።

ዘጠናዎቹ እነዚህን ሁሉ በዘፈንና በሠርግ ሸፈኗቸው። በ1995 የወጣ ፊልም ጀግና የሆነችው፣ ለንደን ያደገችው ሲምራን አንድ ወር አውሮፓን ለመዞር አባቷን ትለምናለች። በ1998ቱ «ኩች ኩች ሆታ ሃይ» አንጃሊ ጸጉሯን አሳጥራ ኮሌጅ ውስጥ ቅርጫት ኳስ ስትጫወት ወንዱን ትረታዋለች፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሳሪ ለብሳ፣ ጸጉሯን አስረዝማ ስትመጣ በዚያው ጨዋታ ትሸነፋለች፤ እሱም የሚያፈቅራት ያኔ ነው። በየቪዲዮ ቤቱ ተጣብበን ያየነው የህንድ ፊልም በአብዛኛው ይህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ኢትዮጵያዊ የተማረችን ህንዳዊት መጀመሪያ ያወቃት ከፊልም አልነበረም። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የህንድ መምህራን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ። ከመካከላቸው ሳሪ ለብሰው፣ ጠመኔ ይዘው ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ሴቶች ነበሩ። ቀን እነዚያን ሴቶች ክፍል ውስጥ እየሰማ፣ ማታ ሲኒማ ቤት ለወላጆቿ ፈቃድ የምታለቅሰዋን ጀግና ያየ ተማሪ፣ ሁለቱ ከአንድ አገር መሆናቸውን እንዴት አስታርቆት ይሆን?

ባለፉት አሥራ ጥቂት ዓመታት ማያው ወደ መምህራኑ እየተጠጋ መጥቷል። በ2012 የጋውሪ ሺንዴ «ኢንግሊሽ ቪንግሊሽ» ስሪዴቪን ላዱ የሚባለውን ጣፋጭ እየሠራች የምትሸጥ የቤት እመቤት አድርጎ አቀረባት። ባሏና ልጇ እንግሊዝኛ ባለማወቋ ያፍሩባታል፤ ንግዷንም ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። የሾላ ነጋዴ ይህን ፊልም ያለ ትርጉም ጽሑፍ የምትረዳው ይመስለኛል። በ2021 ከኬረላ የወጣው የጂዮ ቤቢ «ታላቁ የህንድ ማድ ቤት» ደግሞ የተማረችን ሙሽራ ቀን በቀን በድስትና በቆሻሻ ውሃ መሃል ያሳየናል፤ ሥራ ላመልክት ስትል አማቷ በለሰለሰ አንደበት ይከለክሏታል። በ2024 በካን ታላቁን ሽልማት (ግራን ፕሪ) ያገኘው የፓያል ካፓዲያ ፊልም ደግሞ ሙምባይ ውስጥ ስለሚሠሩ የኬረላ ነርሶች ነው፤ የአንዷ ባል ከጀርመን የሚልከው ደብዳቤ ሳይሆን የሩዝ ማብሰያ ነው። የደሞዝ፣ የቤት ኪራይና የብቸኝነት ፊልም ነው። እኛ ዘንድ በቴሌቪዥን የደረሰው ግን በአመዛኙ ሌላው ወገን ነው፦ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዚ ዓለም በአማርኛ ድምፅ የሚያቀርባቸው የህንድ ተከታታይ ድራማዎች፣ የአማትና የምራት ሙግታቸው የማያልቅ።

የእኛው ፊልምስ? የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» በ1957 ዓ.ም. ሲታይ፣ ጀግናዋ ከገጠር መጥታ አዲስ አበባ ቡና ቤት የገባች ሴት ነበረች። ስንዱ ገብሩ ግን ስዊዘርላንድ ተምረው፣ በፋሺስት ታስረው፣ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መርተው፣ በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ፓርላማ ከገቡ ዓመታት አልፈው ነበር። እሳቸውን የመሰለች ሴት ማያ ላይ ለማየት ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀ። በ2006 የዘረሰናይ ብርሃነ «ድፍረት» ጠበቃዋን መዓዛ አሸናፊን በሜሮን ጌትነት አማካይነት አቀረበ፤ የምትከራከርላት፣ ጠላፊዋን የገደለችው የ14 ዓመት ልጅም በፊልሙ ስሟ ሂሩት ነው። የመጀመሪያዋ ሂሩት ጠበቃ አልነበራትም። ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት ሲያገኝ፣ አዲስ አበባ ሊመረቅ በተሰናዳበት ምሽት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታገደ። መዓዛ ራሳቸው በጥቅምት 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ሕጉም ቢሆን ከፊልሙ ብዙም አልፈጠነም። በሚስት ከቤት ውጪ መሥራት ላይ የትዳር ጓደኛ የነበረው የመከልከል ሥልጣን የተነሣው በ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ራይ አራቲን ሥራ ካስያዘ ከ37 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«ድፍረት» በወጣ በዓመቱ ኸርሞን ኃይላይ «የፍቅር ዋጋ»ን አቀረበች። ጽፋ ያዘጋጀችው ራሷ ናት፤ ፊልሙም ከአገር ወጥቶ በየፌስቲቫሉ ታይቷል። ጀግናዋ ገላዋን የምትሸጥ ሴት ናት፤ የሚያፈቅራትም የታክሲ ሾፌር። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ አዲስ አበባን በእውነት ያውቃታል። ይሁንና ከ1957 እስከ 2007 ሃምሳ ዓመት ተቆጥሮ፣ አዘጋጅዋ እንደ ዴቪካ ራኒ ከካሜራው ኋላ ቆማለች፤ ከፊት ያለችው ደግሞ ዛሬም የሂሩት እህት ናት።