ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ስትሮቤሪ

እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካና በካናዳ በየግብዣው የተመገቡ ሰዎች ከሳምንት ገደማ በኋላ በማያቋርጥ ተቅማጥ ይያዙ ጀመር። በሽታው በ20 የአሜሪካ ግዛቶች፣ በዋሽንግተን ዲሲና በሁለት የካናዳ ክፍላተ ሀገር 1,465 ሰዎችን አዳረሰ። መንስኤው ሳይክሎስፖራ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነበር።

መጀመሪያ የተከሰሰው የካሊፎርኒያ ስትሮቤሪ ነው። የቴክሳስ ጤና ባለሥልጣናት ሕዝቡን አስጠነቀቁ፤ ገበያው ወደቀ፤ አምራቾቹ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከሰሩ። አስተናጋጆችን መጠርጠርም አላዋጣም። ተውሳኩ ከሰገራ ጋር ከወጣ በኋላ ሰውን ለማሳመም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚያስፈልገው ከእጅ ወደ አፍ በቀጥታ አይተላለፍም።

መርማሪዎች የታመሙትም ያልታመሙትም የግብዣ ታዳሚዎች ምን እንደበሉ ጠይቀው አነጻጸሩ። ደረሰኞችንም ከሻጭ ወደ አስመጪ፣ ከአስመጪ ወደ እርሻ ተከተሉ። ዱካው ያመራው ወደ ጓቲማላ ራዝቤሪ ነው።

ምርመራው ሲጀመር ፍሬው ተበልቶ አልቋልና ተውሳኩ በፍሬው ላይ አልተገኘም። በሕግ ቋንቋ ይህ የአካባቢ ማስረጃ ነው። ያጸናው እርስ በርስ የማይተዋወቁ የብዙ ግብዣዎች ምስክርነት መግጠሙ ነበር። በ1998 አሜሪካ ፍሬው እንዳይገባ ስትከለክል ካናዳ ፈቀደች፤ ወረርሽኙም በኦንታሪዮ ተደገመ።

የችኮላ ክስ ጉዳቱ ድርብ ነው፦ ንጹሑን ያከስራል፤ ጥፋተኛውን ገበያ ላይ ያቆየዋል። ከሁለቱም የሚያድነው በአግባቡ የተያዘ ደረሰኝ ነው።